በክብሪት እንጨት የቆመ ጫማ

«እጁ ወርቅ ነው» ሲሉ ፋይና ትታመማለች። ቀልድ አይደለም። ከቀኝ ጎድኗ ስር የሆነ ነገር ውግት ያደርጋታል። የሚለው ደግሞ አንድ ሰው ቢሆን በታገሰችው፤ ግቢው በሙሉ ነው። የዬፊም እጅ ወርቅ ነው! እግሩ የተሰበረ ወንበር፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፣ የቆመ ሰዓት፣ እጀታው የወለቀ መጥበሻ፣ ሁሉም ደረጃውን ወጥቶ የባሏን በር ያንኳኳል። ዬፊምም አይሆንም ብሎ አያውቅም።

ከሁሉ የሚበዛው የልጆቹ የበረዶ ጫማ ነው። ካማ ወንዝ ዳር ባለችው በዚያች የፋብሪካ ከተማ ልጅ መሮጥ ከቻለ በረዶ ላይ ይወጣል። በረዶ ላይ የወጣ ልጅ ደግሞ ጫማው ስር ያለው ስለታም ብረት አንድ ቀን መላላቱ አይቀርም። ውሃው ሶሉን ያበሰብሰዋል፣ ዝላዩ ያናጋዋል፣ ቪቴው የሚነክሰው ቆዳ ያጣና ቀዳዳው ውስጥ ዝም ብሎ ይሽከረከራል። ይሄኔ ዬፊም ይጠራል። ዬፊም ቪቴውን ይነቅላል፣ ቀዳዳውን በክብሪት እንጨት ይጠቀጥቃል፣ ኮላ ያፈስበታል፣ ቪቴውን መልሶ በካቻቢቴ ያጠብቃል፣ ክፉ እንዳይነካው በግራ ትከሻው በኩል እትፍ እትፍ ይላል። በቃ። አባቱም እንዲሁ ነበር የሚያደርገው።

ልጃቸው ኢንጋ አሥራ ሦስት ዓመቷ ሳለ፣ በከተማው ውድድር ላይ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ እያየ፣ ዘላ ስትወርድ የቀኝ እግሯ ብረት ከጫማው ፊት ተገንጥሎ ቀረ። ልጅቷ በትከሻዋ ወደቀችና የአንገቷ ስር አጥንት ተሰበረ። አጥንቱ ተጣሞ ገጠመ። በረዶ ላይ ዳግመኛ አልወጣችም።

ያን ቀን ጫማውን ከበረዶው ላይ ያነሳችው ፋይና ናት። ቀዳዳዎቹን አየች። ጥቁር፣ እርጥብ፣ እንደ አሮጌ ጥርስ የተሰባበረ የክብሪት እንጨት ሞልቶባቸዋል። ወደ ቤት ወሰደችና ዬፊም አፍንጫ ስር አስቀመጠችው።

«ክብሪቱማ ይዞ ነበር» አለ ዬፊም። «ልጅቷ ፈርታ በደንብ ሳትወርድ ቀረች።»

አሰልጣኟም ፈርታለች አለች። ጎረቤቱም ፈርታለች አለ። በመጨረሻ ኢንጋ ራሷ፣ ክንዷ በፋሻ ታስሮ፣ «ፈርቼ ነው፣ አየር ላይ ዞሬ ሳልጨርስ ትከሻዬን ቀድሜ ከፈትኩት» ማለት ጀመረች። ፋይና ግን ለልጇ ምንም አልነገረቻትም። ጥፋተኛው ራሱ በአፉ ይናገር ብላ ጠበቀች። እልኸኛ ናት። አንድ ነገር ከያዘች ከነጥፍሯ ነው የምትይዘው። ጫማውን በትራስ ልብስ ጠቅልላ በጨው ከተዘፈዘፈው ኪያር ማሰሮዎች ጀርባ ደበቀችው፣ ባሏ እንዳይጠግነው። ጠበቀች። ኢንጋ አገባች፣ ወለደች፣ ፈታች፣ ልጇን ኡስትያን ይዛ ወደ እናቷ ቤት ተመለሰች። ፋይና አሁንም ትጠብቃለች። ዬፊም ዝም እንዳለ ነው።

አሁን ኡስትያ ደርሳለች። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ እግሯ ቀጭን፣ አፏ ስል፣ ስትዘል እንደ ፌንጣ። ጫማዋን የሚጠግነው ማን ይሆን? ያው ነው።

በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ፋይና የበረዶ ሜዳው መከለያ ላይ ተደግፋ የልጅ ልጇን ልምምድ ታያለች። ውድድሩ በማግስቱ እሁድ ነው። ኡስትያ ተንደርድራ ዘለለች፣ ዞረች፣ በቀኝ እግሯ ወረደች።

ጭቅ።

ትንሽ ድምፅ ናት፣ በጥርስ መሃል እንደሚሰበር የሱፍ ፍሬ። ፋይና መከለያውን ጨብጣ ቀረች። ልጅቷ ደግማ ዘለለች። ጭቅ።

«ኡስትያ! ነይ እስቲ ወዲህ!»

ልጅቷ እየተንሸራተተች መጣችና መከለያው ላይ ተንጠለጠለች። «ምነው እማማ?»

«ጫማሽ ይጮሃል።»

«በረዶው ነው የሚጮኸው።»

«በረዶ አይደለም። እግርሽን አንሺልኝ።»

«እማማ፣ ሰው እያየኝ ነው! እንደ ፈረስ ኮቴ ልታዪኝ ነው?» ብላ ሳቀችና ፈትለክ አለች።

አሰልጣኟ ኔሊ አርኖልዶቭና፣ ፊሽካዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ በዚያ በኩል ስታልፍ ፋይና እጅጌዋን ያዘቻት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ኔሊ አርኖልዶቭና። የልጅቷ የቀኝ ጫማ ብረት ይንቀሳቀሳል።»

«ዬፊም ሳቬሊች ረቡዕ ዕለት አይቶታል እኮ። እሱ ካየው አለቀ። የሱ እጅ እንደሆነ…»

«እባክዎን አይጨርሱት።»

ኔሊ አርኖልዶቭና ቅንድቧን አነሳች። «ፋይና ፔትሮቭና፣ ነገ ውድድር ነው። በዋዜማው ጫማ እንደማይነካ እርስዎ ያጡታል? ካቻቢቴ ካስነኩት ልጅቷ ሌሊቱን ሙሉ ስለ ጫማው ስታስብ ታድራለች። ያኔ እውነትም ትወድቃለች። ኢንጋን ያበላሻት ፍርሃት አይደል?»

ፋይና መልስ ነበራት። ግን ለሰው ተናግራው አታውቅም። ጎኗን ይዛ ወደ ቤት ሄደች።

ዬፊም መተላለፊያው ላይ የሚጋረፍበትን የበርች ዛፍ ቅርንጫፍ በጋዜጣ ይጠቀልላል። ቅዳሜ ከሰዓት የእንፋሎት ቤት ቀኑ ነው። ከፋብሪካ ጓደኞቹ ጋር ገብቶ ይጋረፋል፣ ይላባል፣ የደረቀ አሳ ይበላል፣ ማታ እንደ ቀይ ሥር ቀልቶ ይመለሳል። ይሄ ከሠርጋቸው በፊት የነበረ ልማድ ነው፤ ጦርነት ቢነሳም አይቀርም።

«ዬፊም፣ የልጅቷ ብረት ይጮሃል።»

«አንቺ ጆሮ ውስጥ ነው የሚጮኸው። ስንት ዓመቱ?»

«ፍታና እየው።»

«ረቡዕ አይቼዋለሁ። ጥርስ ነው የሚመስለው።»

«በምን ጠቀጠቅከው?»

ዬፊም ፎጣውን አንገቱ ላይ ጣል አደረገ። «በምን ልጠቀጥቀው፣ በማር?»

«ዬፊም!»

«አንቺ ሴትዮ፣ በዋዜማው ብረት እንዳታስነኪው። ልጅቷ ላይ መዓት እንዳታመጪ። ሾርባሽን አማስይ» አለና ወጣ። ከዚያ በሩን ከፍቶ አንገቱን አስገባ፤ ረስቶት የወጣውን ቆብ ወሰደ፤ ዕቃ ረስቶ የተመለሰ ሰው መስታወት ማየት አለበትና መስታወቱ ውስጥ ራሱን አይቶ ምላሱን አወጣ፤ ሄደ።

ፋይና ሾርባውን አላማሰለችም። ድስቱን ከፈተች፣ ዘጋች። ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ተነሳች። እንቁላሏን የምትጥልበት እንዳጣች ዶሮ ከማድ ቤት ወደ መተላለፊያ፣ ከመተላለፊያ ወደ መስኮት ተንቆራጠጠች። ኢንጋ ጓዳ ሆና የኡስትያን የውድድር ቀሚስ ጨሌ ትሰፋለች። ኡስትያ ጎረቤት ቤት ፀጉሯን ልትሠራ ሄዳለች። ጫማዎቹ ማሞቂያው ቧንቧ አጠገብ ቆመዋል፤ ነጭ፣ ንጹሕ፣ እንደ ሙሽራ።

ትልቁ ከተማ ደህና ጫማ ሠሪ አለ ይላሉ። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ዝግ ነው። ቢከፍትስ ባቡሩ መቼ ያደርሳታል?

አልነካም አለች። ጫማው አጠገብ ቁጢጥ አለች። አልነካም እያለች አነሳችው። የፊተኛውን ብረት በአውራ ጣቷ ወደ ጎን ገፋችው።

ጭቅ።

ቀና ስትል አይኗ የማድ ቤቱ ቁም ሳጥን በር ላይ አረፈ። የዚህ በር ማጠፊያ ድሮ በቪቴ ነበር የተያዘው። ቪቴው ሲላላ ዬፊም ክብሪት ጠቀጠቀበት። በሩ ወድቆ የጎመን ሾርባዋን ደፋው። ደግሞ ጠቀጠቀ፤ ደግሞ ወደቀ፤ ሳህኖቿን ፈጀ። አንድ ቀን ትዕግሥቷ ሲያልቅ ራሷ ሳንቃውን ከወዲህ እስከ ወዲያ በሳችና ረጅም ብሎን አሳልፋ ከጀርባው በዳዶ አሰረችው። አስቀያሚ ነው። እንግዳ ሲመጣ ፎጣ ትሰቅልበታለች። ግን በሩ ከዚያ ወዲህ ወድቆ አያውቅም።

ፋይና ተነሳች። ከባሏ ዕቃ ሳጥን መፍቻ አወጣች፣ የቁም ሳጥኑን በር ነቀለችና ግድግዳ ላይ አስደገፈች፤ ብሎኖቹንና ዳዶዎቹን ከነሮንዴላቸው፣ ከነቀለበት ብረታቸው፣ ኩባያ ውስጥ ጨመረች። ቀጥላ የጫማውን ቪቴ በካቻቢቴ ያዘች። የመጀመሪያው መዞር እንኳን አላስፈለገውም፤ በጣቷ ስባ አወጣችው። ሁለተኛውም እንዲሁ። ብረቱ እጇ ላይ ወደቀ።

ከቀዳዳዎቹ ውስጥ በወስፌ እየቆፈረች የክብሪት እንጨት በሻይ ማስቀመጫ ሳህን ላይ ለቀመች። አንዱ እንደ ሻጋታ ዳቦ ይፈረፈራል። አንዱ ደግሞ ሙሉውን ወጣ፣ ከነቀይ ራሱ፤ ዬፊም ቸኩሎ የክብሪቱን ራስ እንኳን አልቆረጠም።

የመብሻውን ማሽን፣ ትራፓኖውን፣ ሶኬት ላይ ሰካች። ይህ ጫማ ዝም ብሎ ጫማ አይደለም። ኢንጋ ሁለት ሥራ እየሠራች ነው የገዛችው፤ የኡስትያ እግር ካለፈው በኋላም ለሌላ ልጅ ይሸጣል ተብሎ በስስት የተያዘ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ብትጥልስ? ነገ ልጅቷ በምን ትወጣለች? ጫፉን ቀዳዳው ላይ አደረገች። አነሳች። መልሳ አደረገች። ከዚያ የሱፍ ፍሬው ድምፅ መጣባትና ተጫነችው።

ትራፓኖው ጮኸ፣ ቆዳው ጨሰ። ኢንጋ መርፌ በአፏ እንደያዘች ከጓዳ በርራ ወጣች።

«እማዬ! ምን እያደረግሽ ነው? አብደሻል? የነገውን ጫማ!»

«መርፌውን ከአፍሽ አውጪ፣ ትውጪዋለሽ።»

«በሳሽው! ወይኔ በሳሽው! አባዬ ያያል እኮ!»

«ይየው።» ፋይና ሳህኑን በክርኗ ገፋ አደረገችላት። «አንቺም እዪ።»

ኢንጋ የተፈረፈረውን እንጨት በጣቷ ነካች። ቀይ ራስ ያለውን አነሳች። ሽታውን አሸተተች።

«የኔም ውስጥ ነበር?»

ፋይና ትራፓኖውን አስቀመጠች። ወንበር ላይ ወጥታ የኪያር ማሰሮዎቹን ገለል አደረገችና የትራስ ልብሱን አወረደች። ጠረጴዛው ላይ ፈታችው። ትንሽ ጫማ ናት፣ ቢጫ ሆናለች፤ ፊቷ የተገነጠለ፤ ቀዳዳዎቿ እንደተሞሉ።

«አንቺ ፈርተሽ አልወደቅሽም» አለች ፋይና። «ትከሻሽንም ቀድመሽ አልከፈትሽም። ብረቱ ጥሎሽ ሄደ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እሱ ይነግርሻል ብዬ ጠበቅኩ።»

«ይህን ሁሉ ዓመት?»

«ይህን ሁሉ ዓመት።»

«እሱ አልተናገረም፣ አንቺም አልተናገርሽም» አለች ኢንጋ። ድምጿ አልጮኸም፣ ለዚህ ነው ፋይናን የበለጠ የቆረጣት። «እኔ ደረጃ ስወርድ እንኳን ፈሪ ነኝ እያልኩ ነው የምወርደው፣ እማዬ።»

እውነት ነው። ፋይና ባሏን ልታሸንፍ ስትጠብቅ ዋጋውን የከፈለችው ልጇ ናት። የኡስትያን ጫማ አነሳች። የበሳችው ቀዳዳ ትንሽ ጠሟል። ኢንጋ አየችው። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ጫማውን በሁለት እጇ ጨምቃ ያዘችላት።

«በይ ብሺ» አለች። «ቀጥ አድርገሽ።»

ዬፊም ሲመለስ ቀልቶ፣ ላቡ እየተነነ፣ እየዘፈነ ነበር። ዘፈኑ በሩ ላይ ቆመ።

«የቁም ሳጥኑ በር ምን ሆነ?»

«ጫማ ውስጥ ገባ» አለች ፋይና።

ጠረጴዛው ጋ መጣ። መጀመሪያ የበሳችውን ጫማ አየ፣ ከዚያ የክብሪቱን ሳህን፣ መጨረሻ ላይ ቢጫዋን ትንሽ ጫማ። ከእንፋሎት ቤት ያመጣው ቅላት ከፊቱ ላይ ሲወርድ ታየ። እጁን አዲሱ ጫማ ውስጥ አስገባ፣ መልሶ አወጣ።

«ገልብጠሽ ነው ያሰርሽው» አለ በመጨረሻ።

«ምን?»

«የብሎኑ ጠፍጣፋ ራስ ነው ከውስጥ መሆን ያለበት። ዳዶው ከውጭ። እንዲህ ከሆነማ እግሯን ይበሳታል። ሮንዴላውም ከሶሌታው፣ ከውስጥ ንጣፉ፣ ስር ነው የሚገባው፣ በላዩ ከአሮጌ የበግ ፀጉር ቦት ጫማ የተቆረጠ ቁራጭ።»

ፋይና ትኩር ብላ አየችው። «ታውቀው ነበር።»

ዬፊም ፎጣውን ከአንገቱ አወረደ።

«ታውቀው ነበር! እንዴት እንደሚታሰር ታውቅ ነበር!»

«ጫማ መብሳት ቀላል ነው እንዴ?» ድምፁ ከፍ ካለ በኋላ ወረደ። «የኢንጋን ጫማ ለማግኘት ስንት ክረምት ጠበቅን? ሰው ሁሉ የጫማ ያለህ ሲል? አንዴ ከተበሳ፣ ተበሳ ነው። ማንም አይገዛውም። ክብሪት… ክብሪት ምልክት አይተውም።»

የኢንጋ እጅ ሳታስበው ወደ አንገቷ ስር ሄደና ተጣሞ የገጠመው አጥንት ላይ አረፈ። ዬፊም እጇን አየ። ቶሎ ብሎ አይኑን ወደ ጫማው መለሰ፣ መነጽሩን አደረገ፣ መፍቻውን አነሳ። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈትቶ ገለበጣቸው። የተረፈውን የብሎን ጫፍ በሞረድ በላው። የቦቱን ቁራጭ ቆርጦ አስገባ። ጠማማዋን ቀዳዳ በሰም ደፈናት። እውነት ለመናገር ጥሩ አድርጎ ሠራው።

ፋይና ምድጃው አጠገብ ቆማ አየችው። አሁን «ጥፋቱ የኔ ነው» ይላል ብላ። ሞረዱን አስቀመጠ፣ እጁን ጠረገ፣ «ሾርባ አለ?» አለ።

እሁድ ዕለት የበረዶ ሜዳው ዳር ሰው ሞልቷል። ፋይና፣ ዬፊምና ኢንጋ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። ፋይና ትልቁን የገበያ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቅፋለች፤ ምን እንደያዘ አልተናገረችም። ከጀርባቸው የታችኛው ፎቅ ጎረቤታቸው ግላፊራ የሱፍ ፍሬ ትቆረጥማለች። ጭቅ፣ ጭቅ ሲል ፋይና በየጊዜው ትደነግጣለች።

«ግላፊራ፣ በፈጠረሽ፣ ወይ ብዪ ወይ ተዪ!»

«ምን አደረግኩሽ? አፌን ልስፋው?»

ኡስትያ ወጣች። ሙዚቃው ተጀመረ። የመጀመሪያውን ዝላይ ዘለለች፣ በቀኝ እግሯ ወረደች። ድምፅ የለም። ሁለተኛውን ዘለለች። ድምፅ የለም። ፋይና ትንፋሿን ልታወጣ ስትል በሦስተኛው ላይ ልጅቷ በአየር ላይ ጠመም አለችና በመቀመጫዋ በረዶው ላይ ተዘረጠጠች።

ኢንጋ የእናቷን ጉልበት ጨመደደች። ፋይና የልጅቷን ፊት አላየችም፤ የቀኝ እግሯን ሶል ነው ያየችው። ብረቱ አለ። ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደተጣበቀ አለ። ኡስትያ ምላሷን አወጣች፤ ልክ እንደ ወንድ አያቷ። ተነሳች፣ በረዶውን ከቂጧ አራገፈች፣ ሙዚቃውን አሳድዳ ደረሰችበት። ሰው አጨበጨበ። እስከ መጨረሻው ተንሸራተተች።

«ትከሻዋን ቀድማ ከፈተችው» አለች ኢንጋ። እየሳቀች ነው፤ እንባዋም ይወርዳል። «አየሽ? ይሄኛው የራሷ ነው። የራሷ አወዳደቅ ነው።»

ግላፊራ ጎንበስ ብላ የዬፊምን ትከሻ ቸብ አደረገችው። «ዬፊም ሳቬሊች፣ እንዲያ ወድቃ ጫማዋ ንቅንቅ አላለም! በብሎን አሰርክላት አሉ። እንግዲህ ምን ይባላል፣ እጅህ ወርቅ ነው።»

ዬፊም አፉን ከፈተ። ኢንጋ ዞር ብላ አየችው። ፋይናም አየችው። እንደ ልማዷ ጠበቀች፣ አንድ ትንፋሽ ያህል። ዬፊም አፉን ዘጋው።

ፋይና ቦርሳዋን ከፈተች። ቢጫዋን ትንሽ ጫማ አወጣችና ፊቷ እንደተገነጠለ ባሏ ጭን ላይ አስቀመጠችው። ተነስታ ቆመች። ለግላፊራ ብቻ አልነበረም፤ ለረድፉ ሁሉ ነበር የተናገረችው፣ ታች መከለያው ጋ ለቆመችው ለኔሊ አርኖልዶቭናም እንዲደርስ።

«ይሄ የኢንጋ ጫማ ነው! ያኔ የተገነጠለው! የጠቀጠቀው ዬፊም ነው፣ በክብሪት! ልጄ ፈርታ አልወደቀችም። ሰማችሁ? አልፈራችም!»

«እማዬ፣ ሰው ይሰማል» አለች ኢንጋ በሹክሹክታ።

«ይስማ!»

የሱፍ ፍሬ ድምፅ ቆመ። ዬፊም ጫማዋን በሁለት እጁ ይዞ፣ አውራ ጣቱ የተሰባበረው ክብሪት ላይ፣ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ፋይና ምን እንደሚል ለመስማት አልቆየችም። የሰዎችን ጉልበት እየገፋች ደረጃውን ወረደች። ኡስትያ አግዳሚው ላይ እያለከለከች ተቀምጣ ነበር።

«እማማ፣ ላይ ምን ሆነሽ ነው የምትጮሂው?»

«እግርሽን አንሺ።»

ልጅቷ በዚህ ጊዜ አልሳቀችም፤ አነሳችላት። ፋይና በረዶውን በጨርቅ ጠረገች፣ ብረቱን በደንብ አደረቀች፣ ከዚያ በአውራ ጣቷ ወደ ጎን ገፋችው፣ ባላት ጉልበት ሁሉ። ድምፅ የለም።